ለማየት ብቻ፦ ከ2011 የደባርቅ ማስታወሻ

ጥር 14 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ደባርቅ

ጥምቀት አለፈ። እንግዳው ሁሉ ወደየመጣበት። ሌሊቱን ውርጭ ነበር፤ ጠዋት የበርሜሉ ውኃ ላይ ስስ በረዶ። ቀኑን ሙሉ ንፋስ።

9ኛ ለ ክፍል፣ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታ፣ ሻላ፣ ሐዋሳ፣ አባያ፣ ጫሞ። እንደ ዳዊት በቃሌ እወጣቸዋለሁ። ከኋላ የምትቀመጥ ልጅ እጇን አወጣች። አባያና ጫሞ ጎን ለጎን ከሆኑ ለምን አንድ ሐይቅ አልሆኑም? በመካከላቸው ከፍ ያለ መሬት አለ፣ የእግዜር ድልድይ ይሉታል አልኳት። አባያ ደለል ስለሚበዛበት ቀይ ቡናማ፣ ጫሞ ሰማያዊ። «ቲቸር፣ አይተዋቸዋል?»

አላየሁም አልኳት።

ማታ አትላሱን ዘርግቼ አመሸሁ። ሐምሌና ነሐሴ ክፍል የለም። ለምን አልሄድም?

ጥር 19፣ እሑድ፣ ዳባት

እናቴ ዘንድ። ገብስ ቆሎ፣ ቡና። ሐምሌ ላይ አርባ ምንጭ ልሄድ አስቤያለሁ አልኳት። ስኒውን አስቀመጠችው። «ማን ሞተ?»

ማንም አልሞተም። ዘመድ አለሽ? የለኝም። የመንግሥት ስብሰባ ነው? አይደለም። ለማየት ብቻ ነው። ዝም አለች። ቆይታ፦ «ቆላ ነው። ወባ ነው። ሴት ልጅ ብቻሽን።»

እኛ ቤት መንገድ የሚወጣው ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለንግሥ፣ ለጠበል፣ ለሕክምና ነው። አባቴ አዲስ አበባን ያየው ዓይኑን ሲታመም ነበር። ከሆላንድ ከጀርመን ድረስ ጭላዳ ሊያዩ የሚመጡትን ግን ማንም ምን ሆናችሁ አይላቸውም። እኔም እስከ ዛሬ ጠይቄ አላውቅም።

ጥር 24

ወረቀት ላይ ያሰፈርኩት። ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር። ከጎንደር አዲስ አበባ 730 ገደማ። ከዚያ አርባ ምንጭ በሻሸመኔ 500፤ በቡታጅራና በሶዶ ያጥራል። ከአርባ ምንጭ ኮንሶ 90 ቢሆን ነው። ሲደመር 1,400 አካባቢ፣ መሄጃው ብቻ።

ሐረርንም አስቤ ነበር። ጁገል፣ ግንቡ፣ በሮቹ። ባሌንም፣ የሶፍ ዑመርን ዋሻና የሳነቴን አምባ። ሳነቴ ግን ብርድ ነው፤ ከብርድ ወጥቶ ብርድ መግባት አልፈልግም። ደባርቅ 2,850 ሜትር ላይ ናት፣ አርባ ምንጭ 1,300 እንኳ አትሞላም። ሰውነቴ ያንን ሙቀት ይፈልጋል። ካፖርት ሳልለብስ ማምሸት።

ትልቁ ነገር ዝናቡ ነው። የእኛ ክረምት የእነሱ ክረምት አይደለም። ኮንሶና ደቡብ ኦሞ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይጥላል፤ ሁለተኛው ከመስከረም ወዲያ ይመጣል። ሐምሌ ደረቅ ነው። እዚህ ጭጋግና ጭቃ ሲሆን እዚያ ፀሐይ። ደጋው ጨንቻ ብቻ ሳይዘንብበት አይቀርም። ጨንቻን ግን አልተውም። ዶርዜዎች ከቀርከሃ የሚሠሩትን ረጅም ቤት ማየት አለብኝ። ከሥሩ ምስጥ ሲበላው ቤቱ እያጠረ ይሄዳል ይባላል፤ ሲያስፈልግም ሰው ተሸክሞ ያዛውረዋል። ሽሮ ሜዳ የተገዛው ነጠላዬም የእነሱ ሰዎች እጅ ሳይሆን አይቀርም።

ከኮንሶ ወዲያ ወይጦ፣ ቀይ አፈር፣ ጂንካ። ቱርሚ። ዲመካ።

ጥር 25

ትናንት የሐመሮቹን ገበያ፣ ዲመካን ጽፌ ተኛሁ። እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሐመርን ያወቅሁት በኮሌጅ ዘመኔ፣ ከፍቅረማርቆስ ደስታ «ከቡስካ በስተጀርባ» ነው። ከእጅ እጅ ሲዞር ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ። መኝታ ክፍል ውስጥ በተራ እናነበው ነበር፤ ሌሊት በሻማ። የኢቫንጋዲው ጭፈራ፣ የከብት ዝላዩ፣ በቅል የሚጠጣው ሸፈሮ። የዚያን ጊዜ አንድ ቀን እሄዳለሁ ብያለሁ።

አሁን ግን ሌላ ነገር ትዝ ይለኛል። ልጅ ሆኜ ዳባት መንገድ ዳር እንስራ አዝዬ ቆሜ ሳለ አንድ መኪና ቆመ። ሰውዬው ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮቱ ፎቶ አነሣኝ። ፈገግ አለ፣ እጁን አወዛወዘ፣ ሄደ። ክፉ አላደረገኝም። ግን ስሜን አልጠየቀኝም። ፎቶው ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። ግድግዳ ላይ ይሆናል፤ አልበም ውስጥ ይሆናል።

ዲመካ ገበያ ቆሜ እኔስ ያንን ሰውዬ ብሆን? ሰው አይደለሁ፣ ዓይኔ ይፈዛል። ካሜራ ባልይዝስ? ዓይንስ ያው ካሜራ አይደለም ወይ? አላውቅም። እስኪገባኝ ሐመርን ከዝርዝሩ አውጥቻለሁ። ኮንሶን አልሰረዝኩም፤ ለምን እንደለየሁት ግን በደንብ ማስረዳት አልችልም።

የካቲት 2፣ ቅዳሜ

ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ፈተና ላባዛ። ከፊቴ ጋቢ እስከ ዓይኑ የተከናነበ ልጅ። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ነው። ከየት ነህ? ከኮንሶ።

ማሽኑ ወረቀት ስለነከሰ ብዙ ቆየን። ካራት አጠገብ ነው ቤታቸው። ሰፈሩ በድንጋይ ካብ የታጠረ፣ ካቡ ደግሞ በሌላ ካብ የታጠረ። ሞራ የሚሉት ትልቅ ጎጆ አለ፤ ያላገቡ ወንዶች ሌሊት እዚያ ያድራሉ፣ ሰፈሩን ይጠብቃሉ፣ እንግዳም ያርፍበታል። በየ18 ዓመቱ ትውልድ ሲሸጋገር የጥድ ግንድ ይተከላል፤ ግንዱን ቆጥሮ የሰፈሩን ዕድሜ ማወቅ ይቻላል። ጀግና ሲሞት ዋካ የሚሉት ሐውልት ይቀረጽለታል፣ ከእንጨት፣ ከነሚስቶቹ፣ ከነገደለው አውሬ። ኮንሶን ዩኔስኮ በ2003 ዓ.ም. እንደመዘገበው አውቅ ነበር፤ የሚኖርበት ሰው ሲያወራው ግን ሌላ ነው።

ከዚያ ያልጠበቅሁትን ተናገረ። መጀመሪያ ቀን በአውቶቡስ ወገራን ሲያልፍ ደንግጦ ነበር። ተዳፋቱ ታርሷል፣ ድንጋዩ እዚያው እርሻው ላይ ተበትኗል፣ እንደ ኮንሶው ያለ እርከን ግን የለም። «ቲቸር፣ መሬታችሁ እየሄደ ነው። ድንጋዩ አለ እኮ። ያነሣው የለም።»

የአፈር መሸርሸርን በየዓመቱ አስተምራለሁ። ያንን ተዳፋት ዕድሜዬን ሙሉ አይቼዋለሁ። እሱ በአንድ ቀን መንገድ አየው።

ኮንሶ መሄድ እንደምፈልግ ነገርኩት። ምንም አልገረመውም። «እናቴ ዘንድ ያርፋሉ» አለ፣ ያለቀ ነገር አድርጎ።

የካቲት 9፣ ቅዳሜ፣ ጃናሞራ

የሥራ ባልደረባችን አባት ተዝካር። መምህራኑ ተሰብስበን በቅጥቅጥ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሥተን ሳንካበርን አለፍን፣ ጨነቅን አለፍን። ጅብራው ከቧሂት ሥር፣ ጓሳው ላይ ብቻውን ቆሞ። ከጨነቅ በላይ ዋልያ አየን፤ ሾፌሩ ግን አልቆመም፣ ማንም እንዲቆም አልጠየቀም። ለቅሶ ላይ ነን።

ራስ ደጀን በሩቁ። መማሪያ መጽሐፉ 4,620 ሜትር ይላል፤ በኋላ የተለካው ከ4,550 አይበልጥም። ፈተና ላይ የመጽሐፉን ነው የማርመው። ደስ አይለኝም።

ዳሱ ሙሉ ሰው። ጠላ፣ እንጀራ፣ ፍታት። ማታ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ብርዱ አጥንት የሚሰብር።

የካቲት 10፣ እሑድ

ማለዳ በእግር ደረስጌ ማርያም። ከሚያስቀድሱት ጋር።

ከደባርቅ ይህን ያህል ቀርባ እስከ ዛሬ ያላየኋት ተዝካር ስላልነበረኝ ነው።

ቅዳሴው ሲያልቅ አንድ ሽማግሌ ግቢው ውስጥ፣ የግንቡ ጥግ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። አባባ፣ የውቤና የካሣ ውጊያ በየት በኩል ነበር? በበትራቸው አሳዩኝ። ትናንት የሆነ ያህል ነው የሚያወሩት። ደጃዝማች ውቤ ቤተ ክርስቲያኗን ያሠሯት ለራሳቸው ንግሥ ነበር። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ እዚህ ድል አደረጋቸው፣ ማረካቸውም። በቀናት ውስጥ አቡነ ሰላማ በዚህችው ቤተ ክርስቲያን ካሣን ቀብተው ቴዎድሮስ አሉት። ለአንዱ የተሠራው ለሌላው ሆነ። ሽማግሌው ይህን ሲሉ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ለውቤ ያዘኑ ይመስላል። እዚህ ውቤ የሰሜን ሰው ናቸው፣ የአገር ልጅ ናቸው። እኛ ትምህርት ቤት ድሉን እንጂ የዚያኛውን ወገን አንናገርም።

የግቢው በር ድንጋይ ሰው ከተሳለመው ብዛት ለስልሷል። መዳፌን አሳረፍኩበት። ቀዝቃዛ፣ ጠርዙ የተበላ፣ አንድ ቦታ ላይ ጠቆር ያለ ቅባት ነገር። ከላይ ሞርታሩ ተሰንጥቆ ሣር በቅሎበታል።

ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ በግንባታው እጁ አለበት። የእጽዋት ሰው። በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ዘርና ቅጠል ሰብስቦ እንዲልክ አንድ ማኅበር ከአገሩ ልኮት መጣ። ውቤ ወደዱት፣ የእንትጮን አስተዳደር ሰጡት፣ እዚሁ አግብቶ ወለደ። በ1878 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ሞተ። ስሙ በብዙ የአገራችን ዕፅዋት የሳይንስ መጠሪያ ላይ ተጣብቋል። ሊያይ መጥቶ የቀረ ሰው።

ከዚሁ ከውቤ ቤት ደግሞ ሳይወድ የሄደ አለ። የውቤ ልጅ ጥሩወርቅ የቴዎድሮስ ሚስት ሆነች፤ ልጃቸውን ዓለማየሁን ከመቅደላ በኋላ እንግሊዞች ወሰዱት። በ18 ዓመቱ እዚያው ሞተ፤ ዊንድዘር ተቀበረ። እናቱም በመንገድ ላይ፣ ከአገር ሳትወጣ አረፈች።

በመልስ ጉዞ ሁሉም ተኝቷል። እኔ መጥቶ የቀረውንና ሳይወድ የሄደውን ሳስብ መጣሁ።

የካቲት 20

ተማሪዎቹን ደረስጌ ያየ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ከጃናሞራ የመጡ ሁለት ልጆች ብቻ። ጭላዳውና ዋልያው ያሉበትን ፓርክስ? ጥቂት እጆች። ሳንካበር እንኳ ያልደረሰ ይበዛል። ደባርቅ ላይ ቁጭ ብለን።

ዕቁባችን ዛሬ ወጣ። ለእኔ አይደለም።

መጋቢት 1፣ እሑድ፣ ቅድስት

ከቅዳሴ ስንወጣ ወሬው ደረሰ። ናይሮቢ የሚሄደው አውሮፕላን ቢሾፍቱ አካባቢ ወድቋል። 157 ሰው። የተረፈ የለም። ከ30 በላይ አገር ዜጎች። ከተነሣ ስድስት ደቂቃ።

ከተማው ውስጥ ማንም የሚያውቀው ሰው አልነበረበትም፤ ሰዉ ግን በየበሩ ቆሞ ነው ያለው። ሻይ ቤቱ ቴሌቪዥኑን ወደ ደጅ አዞረው። ፎቶዎች መውጣት ጀምረዋል። ሙሽሮች፣ አስተናጋጆች፣ ለስብሰባ የሚሄዱ። የእኛ ልጆች፣ ያ አረንጓዴ የደንብ ልብስ።

ከጎንደር አዲስ አበባ በአውሮፕላን ለመሄድ ዋጋ ጠይቄ ነበር፣ ባለፈው ሳምንት።

መጋቢት 7

እናቴ ስልክ ደወለች። ስለ አውሮፕላኑ። ሌላ ምንም አላለችም። ስለ ሐምሌም አልጠየቀችኝም።

ሬዲዮ ስለ ጌዴኦ ተፈናቃዮች። ሕፃናት፣ ረሃብ፣ ላስቲክ ቤት። ጌዴኦ በመንገዴ ላይ አይደለም። ግን እዚያው ደቡብ ነው። እኛ ዘንድስ? በማዕከላዊና በምዕራብ ጎንደር በሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቤቱ ወጥቷል። አንዱ ቤቱን ጥሎ ሲሰደድ ሌላው አገር ልይ ብሎ መነሣቱ ደግ ነው? ወይስ በዚህ ጊዜ ነው ይበልጥ መተያየት ያለብን? ሁለተኛው ለእኔ የሚመች መልስ ስለሆነ አላመንኩትም።

አትላሱን መደርደሪያ ላይ መለስኩት።

ሚያዝያ 2፣ ረቡዕ

ፓርኩ እየነደደ ነው። ባለፈው ወር ጠፋ የተባለው እሳት በግጭ በኩል እንደገና ተነሥቷል። ጓሳው ደርቋል፣ አስታው ዘይት ያለው ይመስል ይቀጣጠላል። ጭሱ ከዚህ ይታያል፤ ከሰዓት በኋላ ሽታው ክፍል ውስጥ ገባ። ወጣቶቹ በመኪና እየተጫኑ ሄዱ፤ እሳቱን በቅጠል ነው የሚደበድቡት። የኮንሶው ልጅም ከተማሪዎቹ ጋር ሄዷል።

ሚያዝያ 5፣ ቅዳሜ

ቆሎ የምትሸጥልኝ እናት የግጭ ሰው ናት። በ2008 ነው ከፓርኩ ውስጥ ተነሥተው ደባርቅ የሰፈሩት፤ መንደሩ በሙሉ። ዛሬ ጀርባዋን ለገበያው ሰጥታ ወደ ጭሱ ዞራ ተቀምጣለች። ሁለት ጊዜ ጠርቻት ነው የሰማችኝ።

«ቤታችን በነበረበት በኩል ነው» አለች። የትኛው ገደል፣ የትኛው ምንጭ እንደሆነ በጣቷ ለየችልኝ፤ እኔ ጭስ ብቻ ነው የማየው። ከብቶቿ የሚውሉበትን ስም ጠራች። ክረምት ሲገባ ሣሩ መልሶ ይበቅላል፣ አስታው ግን ጊዜ ይፈልጋል አለች። የምታውቀውን ነው የምትናገረው።

ሄደሽ አይተሽው ታውቂያለሽ፣ ከተነሣችሁ ወዲህ? አልኳት።

«አልሄድኩም። ለእኔም ትኬት ይቆረጥብኛል ወይ?»

መልሱን አላውቅም። እጠይቅልሻለሁ አልኳት።

ሚያዝያ 9

ከኬንያ ሄሊኮፕተር መጥቷል፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ሠራተኞች። እሳቱ እየደከመ ነው ይላሉ። የኮንሶው ልጅ ተመለሰ፤ ቅንድቡ ተቃጥሏል፣ እጁ ተልጧል። ፎቶ አሳየኝ፤ አንዱ ጓደኛው ያነሣው። ፊቱ ጥላሸት፣ ከኋላው የነደደ ተዳፋት፣ እጁ ላይ የአስታ ቅርንጫፍ። ሌላ ደግሞ ከዚያ በፊት የተነሣው፣ በጋቢ፣ ከጭላዳዎቹ መንጋ ፊት፣ ጠዋት ውርጭ ላይ። ሳንካበርን ያየው እሳቱን ሊያጠፋ ሲሄድ ነው። ያም ምክንያት ነው።

ሚያዝያ 22

ፋሲካ አለፈ። ዶሮ ወጥ ከበላሁ ወዲህ ሆዴ አልተስተካከለም። ቀላል ዝናብ፣ በልግ ነው። ከሩቅ ስመለከተው የተቃጠለው ጥቁር፣ ዳሩ ላይ አረንጓዴ ነገር አለ ወይስ ዓይኔ ነው?

የግጯ እናት ጉዳይ። ሁለት ሰው ጠየቅሁ፤ አንዱ ይከፈላል፣ አንዱ ለእነሱ አይከፈልም አለ። ክረምት ሳይገባ አብሬያት ልሄድ አሰብኩ። እሷ ታሳየኛለች እንጂ እኔ አላሳያት።

ግንቦት 3፣ ቅዳሜ

የዕቁቡ ዕጣ ለእኔ ወጣ! ይዤው ቤት ገባሁ፣ ቆጠርኩት፣ መልሼ ቆጠርኩት። አትላሱን አወረድኩ።

አውቶቡስ ነው። ጎንደር አድሬ፣ አዲስ አበባ አድሬ፣ ሶዶ ወይ አርባ ምንጭ። የዓባይን በረሃ በቀን ማለፍ እፈልጋለሁ፤ ለክፍል የምሥለውን የዓለት ንብርብር ከላይ እስከ ታች አያለሁ። አርባ ምንጭ ሁለት ቀን፣ ነጭ ሣር፣ ሐይቁ ዳር። ጨንቻ። ከዚያ ኮንሶ ረዘም አድርጌ። ጂንካ ገንዘቡ ከተረፈ። ሐመር አሁንም ከዝርዝሩ ውጪ ነው።

ግንቦት 9

የኮንሶው ልጅ የእነሱ ፈተና ወደ ሐምሌ መጨረሻ እንደሚገፋ ነገረኝ። እኔ ቀድሜው ነው የምደርሰው። ለእናቱ ዕቃ ይልክብኛል። በሶ፤ ከደጋ ገብስ ተቆልቶ የተፈጨ፣ ቀምሳው እንደማታውቅ ነው የሚያስበው። የሁለቱን ፎቶ ህትመት ደግሞ። የጥላሸቱን አትላክ፣ ትደነግጣለች አልኩት። አይ፣ እሷ ይህን ነው የምትወደው አለ። እናቱን እሱ ያውቃታል።

ግንቦት 11፣ እሑድ፣ ዳባት

ለእናቴ ነገርኳት። ዕቁቡን፣ አውቶቡሱን፣ በሶውን። ፎቶውን አየችው፣ ልጁን በጋቢ። ብዙ ቆየች። «እናቱ ይህን ልጅ እዚህ ድረስ ልካ እንዴት ታድራለች?» ከዚያ ተነሥታ ጓዳ ገባች።

«አደራ ካለብሽማ ትሄጃለሽ እንጂ።» በሶውን እኔ ነኝ የማዘጋጀው፣ የገበያ ዱቄት አትያዢ አለች። አጎበርም ግዢ አለች፣ ወባውን አልረሳችም።

የተፈቀደልኝ አደራ ስላለብኝ ነው እንጂ ለማየት ብቻ አይደለም። ቅር ሊለኝ ይገባ ይሆን? አላለኝም። በር ላይ ስደርስ የምሰጠው ነገር ይኖረኛል፣ ስሜን የሚጠይቀኝ ሰውም። ዳባት መንገድ ዳር የቆመው ሰውዬ ይህ አልነበረውም።

ግንቦት 14

ልጁ ዛሬ ሰላምታውን በኮንሶኛ ሊያስተምረኝ ነበር፤ ፈተና አለብኝ ብሎ ቀረ። እናቱ አማርኛ ትንሽ ትንሽ ትሰማለች፣ አባቱ ምንም። ቅዳሜ ከሰዓት ፎቶ ኮፒ ቤቱ ጋ ተቀጣጥረናል። ከዚያ በፊት ሦስት ነገር፦ የአጎበር ዋጋ፤ አርባ ምንጭ ለሴት የሚሆን ንጹሕ አልጋ፤ የግጯን እናት መቼ እንደሚመቻት መጠየቅ፣ ሰኔ ሳይገባ።